ሣርና አትክልት በሰርተፍኬት መማር ለምትፈልጉ፦ የቱን ኮሌጅ፣ የቱን ኮርስ፣ የቱን መሣሪያ?

በአቅራቢያችሁ ባለ ኮሌጅ ሆርቲካልቸር (የአትክልት፣ የአበባና የዛፍ ልማት) እና የሜዳ ሣር እንክብካቤ በሰርተፍኬት ለመማር እያሰባችሁ ከሆነ ይህን ጥቆማ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ መተዳደሪያዬም ይኸው ሆኗል። ሥራውን እወደዋለሁ። ስመዘገብ ግን የሚመክረኝ ሰው ስላልነበረ ጊዜም ገንዘብም አባክኛለሁ። እናንተ አታባክኑ።

መጀመሪያ የገባሁበት ኮሌጅ ክፍሉም ብሮሹሩም ያምር ነበር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስለ ሣር ስንማር ግን ሣር የነካንበት ቀን አልነበረም። ስለ ማጨጃ ማሽን ፈተና ተፈትነን አልፈናል። ማሽኑን የምናውቀው ግን በሥዕል ብቻ ነው። ትቼ ወጣሁ። የሁለተኛው ኮሌጅ ሕንጻ ያረጀ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን አካፋ አስይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ቆፍሩና ያያችሁትን ንገሩኝ አለች። የሣሩ ሥር አራት ጣት እንኳ አልወረደም። ለምን እንዳልወረደ ለመረዳት ስለ አፈር መጠቅጠቅ፣ ስለ ውሃ አጠጣጥ፣ ስለ አጨዳ ከፍታ መማር ነበረብን። ሴሚስተሩ ያለቀው ያቺን አንዲት ጉድጓድ ስናብራራ ነው ማለት ይቻላል። እስካሁን አንድ ሜዳ አልሆን ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገው መቆፈር ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥቆማዬ ይሄ ነው። ስለ ክፍያ ከመጠየቃችሁ በፊት የልምምድ ሜዳውን አሳዩን በሉ። ሜዳው ማማሩን አትዩ። የሚያምር ሜዳ በተቀጠረ አትክልተኛ ሊጠበቅ ይችላል። ማን እንደሚያጭደው ጠይቁ። ተማሪዎቹ ናቸው ከተባለ ጥሩ ምልክት ነው። በተለያየ ከፍታ የታጨዱ መደቦች አሉ? ሆን ተብሎ ውሃ ወይም ማዳበሪያ የተነፈገ ቁራሽ መሬት አለ? የተበላሸ ሣር የማይታይበት ኮሌጅ ሣር ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ማሳየት ይከብደዋል። የማሽኑን ቤትም ግቡና እዩ። ማሽኖቹ ቅባት የነካቸው፣ ሣር የተለጠፈባቸው ከሆኑ እየተሠራባቸው ነው። ችግኝ ጣቢያውንም አትለፉት። ከቁርጥራጭ የሚያድጉ ተክሎችና ግራፍት የተደረጉ (የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተጣበቀባቸው) ዛፎች ካሉ የማራቢያው ትምህርት በእጅ እየተሰጠ ነው።

አሁን ወደ ኮርሱ ዓይነት። አንዳንድ ኮሌጅ የሜዳ ሣርን ብቻ ነጥሎ ያስተምራል። ሌላው ደግሞ ሣርን ከአበባ፣ ከቁጥቋጦና ከዛፍ ጋር ያጣምራል። አሁን በጎልፍ ሜዳ ወይም በስታዲየም የምትሠሩ ከሆነ የሣሩን ብቻ ውሰዱ፣ ይጠቅማችኋል። ገና ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ግን ሳታመነቱ የተጣመረውን ምረጡ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ ሣር እየሳሳ ሄደ እንበል። ሣር ብቻ የተማረ ሰው ማዳበሪያ ይጨምራል። ሁለቱንም የተማረ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል። ሣሩ ብርሃን ተነፍጓል፣ ውሃውንም የዛፉ ሥር እየቀደመው ነው። መፍትሔው ጥቂት ቅርንጫፍ በአግባቡ ማሳሳት፣ ጥላ የሚችል ሣር መዝራት፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ሣርን ትቶ ጥላ ወዳድ ተክል ማስገባት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው ግን ነገሩን ያባብሰዋል። ጥላ ውስጥ ያለ ሣር ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ በሽታም ቶሎ ያገኘዋል።

ቀን፣ ማታ ወይስ ኦንላይን? ለሁሉም ቦታ አለው። የተክል ስሞች፣ የአፈር ኬሚስትሪና ስሌት ኦንላይን በደንብ ይያዛሉ። እንዲያውም ቪዲዮውን ደጋግሞ ማየት ስለሚቻል ይሻላል እላለሁ። መግረዝ፣ ምላጭ መሳልና በሽታ መለየት ግን በስክሪን አይሆኑም። ሥራ ላይ ላላችሁ የምመክረው ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን ወይም በማታ፣ ተግባሩን ቅዳሜ በሜዳ የሚሰጥ ኮርስ ነው። የምትመዘገቡበት ወቅትም ልዩነት አለው። ኮርሱ ሣሩ በማያድግበት ወቅት ጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ከሆነ ግማሹን ሳታዩት ትመረቃላችሁ።

ሰርተፍኬቱ ወደ ዲፕሎማ ይቆጠር እንደሆነ በጽሑፍ አስረግጡ። በቃል የተነገረ ተስፋ በኋላ አይያዝም። በብዙ አገር ደግሞ የተባይና የአረም ኬሚካል ለሌላ ሰው ለመርጨት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰርተፍኬት ያን ፈቃድ አይተካም። ለፈቃዱ ፈተና የሚያዘጋጅ ኮርስ ካገኛችሁ ከሌላው አስቀድሙት።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ስሌቱን ነው። እኔም እሸሸው ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ የምጠቀምበት እሱኑ ነው። ኮሌጅ ስታወዳድሩ የስሌት ክፍል ምን ያህል እንዳለው ጠይቁ። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚታዩት 3 ቁጥሮች የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የፖታሽ መቶኛ ናቸው። ዩሪያ 46-0-0 ነው። ይህን ይዘን የእግር ኳስ ሜዳ እንውሰድ። 105 ሜትር በ68 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 5 ግራም ናይትሮጅን እንስጥ ካልን 35.7 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ይህን ለ0.46 ስናካፍል 77.6 ኪሎ ዩሪያ ይወጣል። 35.7 ኪሎ ዩሪያ የበተነ ሰው ሣሩን ከግማሽ በታች መግቦታል። 77.6ቱን ኪሎ ሁለት ጊዜ የበተነ ደግሞ ሊያቃጥለው ይችላል። ዩሪያ ከተበተነ በኋላ ቶሎ ውሃ ካላገኘም ከናይትሮጅኑ የተወሰነው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ውሃው ላይም ያው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ለዚያ ሜዳ 10 ሚሊ ሜትር ማጠጣት 71,400 ሊትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለአሠሪ በቃሉ የሚናገር ሰው ይታመናል።

የሣር ዓይነት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ምርጡ ሣር ይሄ ነው" ብሎ የሚያስተምር ካጋጠማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ሣሮች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። የቀዝቃዛ አየር ሣሮች ቅጠላቸው በደንብ የሚያድገው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሞቃት አየር ሣሮች ደግሞ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ይወዳሉ። ከመጀመሪያዎቹ ራይግራስ ቶሎ ይበቅላል። አፈሩ ሲመቸው በአንድ ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ግን በያለበት ተሰብስቦ የሚያድግ እንጂ የሚስፋፋ ስላልሆነ ሲቦጨቅ ክፍተቱን ራሱ በፍጥነት አይሞላም። ኬንታኪ ብሉግራስ ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንዴ ከያዘ ግን በመሬት ውስጥ በሚሄድ ግንዱ እየተስፋፋ ቁስሉን ራሱ ይሸፍናል። ብዙ የስፖርት ሜዳ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚዘራው ለዚህ ነው። የእንግሊዙ የቴኒስ ሜዳ ዊምብልደን ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ራይግራስ ነው። ለውድድር በ8 ሚሊ ሜትር ይታጨዳል። የጎልፍ ኳስ ወደ ጉድጓድ የሚገፋበት ቦታ ላይ ቤንትግራስ የሚባለው ሣር እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

ከሞቃቶቹ ሰርዶን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእርሻ ውስጥ አስቸጋሪ አረም ነው። በሜዳ ላይ ግን ተረግጦ የሚነሳ ጀግና ነው። በላይም በታችም ይስፋፋል። ጥላን ግን አይችልም፣ ብርድ ሲመጣም ቡናማ ሆኖ ይተኛል። ለሜዳ የሚተከሉት ብዙዎቹ የሰርዶ ዲቃላዎች ፍሬ የማይሰጡ ስለሆኑ የሚራቡት በዘር ሳይሆን በቁርጥራጭ ወይም ተነጥፎ በሚተከል ሣር ነው። የመስኖው ውሃ ጨዋማ ከሆነ ፓስፓለም የሚባለውን ዓይነት አስቡ። ኪኩዩ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የወጣ ጠንካራ ሣር ነው። ጥንካሬው ግን ወደ አበባ መደቡም ይሻገራል፣ ስለዚህ ጠርዝ አብጁለት።

መሣሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። መጀመሪያ የምትገዙት 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይሁን። ርካሽ ነው፣ ብዙ ስህተትም ያስቀራል። ቡናማ ነጥብ ሁሉ በሽታ አይደለም። የደነዘዘ ምላጭ የቀደደው የቅጠል ጫፍም ነጥቶ ይደርቃል። ማዳበሪያ ሲፈስ፣ ውሻ ሲሸና፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲኖርም ቡናማ ይሆናል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የተቀደደ ጫፍ ካያችሁ ግን የሚፈለገው ሞረድ ነው፣ ኬሚካል አይደለም።

የመግረዣ መቀስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምላጮቹ እንደ ወረቀት መቀስ ይተላለፋሉ። ሌላው ምላጩ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል። ለሕያው ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ግዙ። ሁለተኛው ሕያውን እንጨት ይጨፈልቃል። የደረቀ ለመቁረጥ ግን ይሆናል።

ማጨጃ ማሽንን ኮሌጁ ያቅርብ። ልዩነቱን ግን እወቁ። የሲሊንደሩ ማሽን በሚሽከረከሩት ምላጮቹ ቅጠሉን በቋሚው ምላጭ ላይ አስደግፎ እንደ መቀስ ይቆርጣል። ኤድዊን በዲንግ የተባለው እንግሊዛዊ በ1830 የፈለሰፈው የመጀመሪያው ማጨጃም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር። ለዝቅተኛ አጨዳ ወደር የለውም፣ ግን ማስተካከያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሮታሪ የሚባለው ማሽን ግን ምላጩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ቅጠሉን መትቶ ይቆርጣል። ለረዘመና ላልተስተካከለ ሣር ይመረጣል። በሁለቱም ላይ ሕጉ አንድ ነው። በአንድ አጨዳ ከቅጠሉ ቁመት ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። 4 ሴንቲ ሜትር የሚፈለግ ከሆነ 6 ሳያልፍ ማጨድ ነው። ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ስለሆነ ብዙ ሲቆረጥ ሥሩ ማደጉን ያቆማል። ያቺ ጉድጓድ ውስጥ ያየነው አጭር ሥር አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነበር።

የአፈር ምርመራ ላይ የቤት መመርመሪያ ኪትና ላቦራቶሪ ይወዳደራሉ። ኪቱ የአፈሩን አሲዳማነት በግምት ለማወቅ ይበቃል። ብዙ የሜዳ ሣር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 ሲሆን ይስማማዋል። ፎስፈረስንና ፖታሽየምን ግን ለላቦራቶሪ ስጡ። ናሙናውን ከአንድ ቦታ አትውሰዱ። ሜዳውን እያቋረጣችሁ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወስዳችሁ ደባልቁት። የአፈሩን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ውስጡ የሚታይ አንድ የመስታወት ዕቃ በቂ ነው። አፈርና ውሃ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደለሉ በሰዓታት ይዘቅጣል። ሸክላ አፈሩ ግን ቀን ያስጠብቃችኋል።

መጨረሻ የምጠቁማችሁ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ኪስ የሚገባ። ቀኑን፣ የአፈሩን ሙቀት፣ የዝናቡን መጠን፣ ያጨዳችሁበትን ከፍታና የበተናችሁትን ኪሎ ጻፉበት። መምህራችን በየሳምንቱ ትፈትሸው ነበር፣ ነጥብም ነበረው። አሁን አምስተኛውን እየጻፍኩ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጥግ ላይ ሣሩ መሳሳት ሲጀምር የቀድሞውን ደብተር ገለጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ወር፣ በዚያው ጥግ "የውሃ ረጪው ግማሽ ብቻ ይዞራል፣ ይጠገን" ብዬ ጽፌያለሁ። ሄጄ አየሁት። ያው ረጪ እንደገና ተጣብቋል።