ኢታኖል ወደ ቤንዚናችን ይመለስ ወይስ ይቅር?

ጥያቄውን ያነሳው፣ አዲስ አበባ፦
በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል፣ ማለትም ከስኳር አገዳ ተረፈ ምርት የሚወጣ የሚነድ አልኮል፣ መቀላቀል ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኋላ አቅርቦቱ እየተቆራረጠ ነገሩ ቀረ። የማደያው ሰልፍ በረዘመ ቁጥር «ለምን አይመለስም?» የሚል ይነሳል፤ እኔም ከእነዚህ ወገን ነኝ። ቤንዚኑን በዶላር እየገዛን፣ ከእያንዳንዱ አሥር ሊትር አንዱን ከራሳችን አገዳ ማውጣት ከቻልን ምን ያግደናል? የምትቃወሙ በምክንያት ሞግቱኝ።

የጋራዥ ባለሙያ፦
እቃወማለሁ። በወሬ ሳይሆን በእጄ ፈትቼ ባየሁት ነው የምናገረው። ኢታኖል ውሃ ይስባል። አሥር በመቶ የተቀላቀለ ቤንዚን በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ውሃ ሊሸከም ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ኢታኖሉ ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ግርጌ ይተኛል። ሞተሩ ነዳጅ የሚስበው ደግሞ ከግርጌ ነው። ያኔ ክረምቱን ሙሉ ቆማ የከረመች ላዳ መጣችልኝ። ከታንኳ የቀዳሁትን በመስታወት ጠርሙስ አድርጌ ጥቂት ብጠብቅ ከላይ የጠራ፣ ከታች የደፈረሰ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ፊልትሮው በዝገት ተደፍኗል፤ የካርቡራተሩ ጎማዎች አብጠዋል። ባለቤቷ ጡረተኛ አባት ናቸው። የጥገናውን ዋጋ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አዲስ መኪና ይህን ይችለዋል። በእኛ ጎዳና ላይ የሚሄደው ግን ስንቱ አዲስ ነው?

መተሐራ ያደገ፦
ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ኢታኖሉ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ዝገቱ ታንኩ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ኢታኖል ፈንቅሎ አወጣው። ውሃውም በደንብ ካልተከደነ ታንክ ወይም ካልተጠበቀ ማጠራቀሚያ ይገባል። ደግሞ ከምን እንደሚሠራ እንይ። ሞላሰስ ስኳሩ ከአገዳው ከወጣ በኋላ የሚቀር፣ እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ዝቃጭ ነው። ልጅ ሳለን ሽታው ልብሳችን ላይ ያድር ነበር። ከአንድ ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይወጣል። የፊንጫው ማምረቻ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ የመተሐራው 12.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርቱ የተተከሉ ናቸው። ለዚህ ተብሎ ከማንም ሞሰብ እንጀራ አልተነሳም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲጣራ ከአሥር ሊትር በላይ ትኩስ ቡናማ ፍሳሽ ይተርፋል። በልኩ ተበርዞ ወደ አገዳው ማሳ ቢመለስ ማዳበሪያ ይሆናል። ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ይፈጃል። የአዋሽን ውሃ ስንት ከብትና ስንት ሰው እንደሚጠጣው አውቃለሁ። «ይመለስ» የሚል ሁሉ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ አብሮ ይጠይቅ።

ሚኒሶታ የሚኖር፦
እዚህ ኢታኖሉ የሚሠራው ከበቆሎ ነው። 85 በመቶ ድረስ ኢታኖል ያለበት ነዳጅም በየማደያው ይሸጣል፤ ዋጋው ከቤንዚኑ ይቀንሳል። መኪናዬ ሁለቱንም ስለምትቀበል ለአንድ ዓመት ያህል ሞክሬዋለሁ። ሞተሩ ቅር አላለውም፤ ግን ቶሎ ቶሎ ማደያ መመላለስ ሆነ። ኢታኖል በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳልና።

ከዚህ የከበደው ሌላ ነው። ከ25 ኪሎ በቆሎ የሚገኘው 11 ሊትር ገደማ ነው። ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ታንክ በንጹሕ ኢታኖል ለመሙላት ከአንድ ኩንታል በላይ በቆሎ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከእህሉ ሲሶው ያህል ለከብት መኖ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ቢሆንም ኩንታል በቆሎ እቤቴ ምን ያህል ወር ያቆየን እንደነበር አስባለሁና ልቤ አይቀበለውም። አገዳውን አልቃወምም። ሞላሰሱ አነሰ ተብሎ ነገ ወደ እህል እንዳይዞር ግን ከወዲሁ በሕግ ይከልከል።

የቤት እመቤት፣ ኮተቤ፦
ሁላችሁም ስለ መኪና ብቻ አወራችሁ። ኢታኖል እኮ በምድጃም ይነዳል፤ ጭስም ጥላሸትም የለውም። ጅግጅጋ አጠገብ ቀብሪበያህ ባለው የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ እናቶች አብስለውበታል። እኔ ከሰል ሳቀጣጥል ዓይኔ እየተቃጠለ ነው የኖርኩት። እንጦጦ ላይ ደግሞ ወገባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ያለን ኢታኖል ጥቂት ከሆነ መኪና ላለው ሰው ከሚሰጥ ለምን ለማጀት አይሰጥም?

ጥያቄውን ያነሳው፦
እህቴ፣ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ በቂ መልስም የለኝም። አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ናፍታ ነው፤ ኢታኖል ደግሞ ለናፍታ ሞተር አይሆንም። ስለዚህ በቤንዚን በኩል የሚድነው ዶላር እኔ ከገመትኩት ያነሰ ነው።

ለባለሙያው ግን ልመልስ። አሥር በመቶ ሲቀላቀል የሚቀንሰው ጉልበት ሦስት በመቶ ገደማ ነው፤ በአርባ ሊትር 400 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 388 ትሄዳለች። ይህ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ መቆራረጡ ነው። ብራዚል በ1975 እ.ኤ.አ. ትልቁን የኢታኖል ፕሮግራሟን ጀመረች፤ ሕዝቡ በኢታኖል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ገዛ። በ1989 የስኳር ዋጋ ሲወደድ ፋብሪካዎቹ ወደ ስኳር ዞሩና ባለመኪናው ሰልፍ ላይ ቀረ። ቤንዚንም ኢታኖልም የሚቀበሉ መኪኖች እዚያ ገበያ ላይ የዋሉት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም ጋ ስኳር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

አሁንም ይመለስ እላለሁ፤ ከሞላሰስ ብቻ ይሁን፣ እያንዳንዱ የማደያ ማሽን ላይም ስንት በመቶ እንደተቀላቀለ ይጻፍ።

የጋራዥ ባለሙያ፦
ከተጻፈ እኔም አልቃወምም። ያ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ እኚያ አባት መኪናቸውን ከማቆማቸው በፊት ታንኩን ባስጠረግኳቸው።