ክርክር፦ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ በኋላ አሮጌ ራቭ ፎር መግዛት ያዋጣል?

አወያይ፦
የነዳጅ የቤት መኪና ከእንግዲህ እንዳይገባ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ ገበያ ላይ የሚዞረው ራቭ ፎር በአመዛኙ ቀድሞ የገባው ነው። ሻጭ «ቶዮታ ነው፣ መለዋወጫ ሞልቷል» ይላል፤ ገዢም የ2003ቱን ከ2008ቱ የሚለየው በመብራቱ ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ። ዛሬ ገንዘብን አሮጌ ራቭ ፎር ላይ ማዋል ትክክል ነው? ትክክል ከሆነስ የትኛው ላይ? የሞዴል ዓመት ስትጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

ቴስታታ፦
ትክክል ነው፤ ነገር ግን ገዢ መምረጥ ያለበት ሞተሩን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከፊቱ የሞተሩን ኮድ ይይዛል። 3ኤስ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ (በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ቅርጽ) 2.0 ሊትር ነው። 1ዜድዜድ 1.8፣ 1ኤዜድ 2.0፣ 2ኤዜድ 2.4፣ 2ኤአር ደግሞ 2.5 ነው። ሲሲውም ይመሰክራል፦ በቅደም ተከተል 1998፣ 1794፣ 1998፣ 2362፣ 2494። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሞተሩ ብረት ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ቅያሪው መመዝገቡን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

ይህን የማስቀድመው አንዱ ትውልድ ብቻውን ሦስት አራት ዓይነት ሞተር ስለያዘ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሦስተኛው ትውልድ አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እስከ 2008 ሞዴል 2.4 ነበረ፤ ከ2009 ጀምሮ 2.5 ሆነ። ጃፓን ውስጥ ግን ያው 2.4 እስከ መጨረሻው ቀጠለ። «የ2010 ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ካምቢዮ፦
እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልዶች እደግፋለሁ። በ1994 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የወጣው ባለ ሦስት በሩ ራቭ ፎር ርዝመቱ 3.7 ሜትር አይሞላም፤ ባለ አምስት በሩ ቀጥሎ መጣ። ማንዋሉ አራቱንም ጎማ ዘወትር ያሽከረክራል፤ ጭቃ ውስጥ የመሀል ዲፈረንሻሉን በቁልፍ መቆለፍ ይቻላል። የ3ኤስ-ኤፍኢ ሞተሩ ብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋና አካል) ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ኤሌክትሮኒክስ ጥቂት ነው፤ ማንኛውም ጋራዥ ይፈታዋል። ማርሹ ማንዋል ከሆነ የሚያልቀው ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ነው፣ ሁለቱም በቀላሉ ይገኛሉ። መንገዳችንን፣ የዘይታችንን ጥራትና የጋራዦቻችንን አቅም ላየ ሰው ቀላል መኪና ማለት ዕድሜው ረጅም መኪና ማለት ነው።

ቴስታታ፦
ጋሽ ካምቢዮ፣ ስለ 3ኤስ ያሉትን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ትውልድ ከእሱ ጋር አንድ ላይ ማሰርዎን ግን አልቀበልም። ከ2000 ጀምሮ የመጣው 1ኤዜድ፣ በ2004 የተጨመረው 2ኤዜድም ብሎካቸው አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን (ብሎኩ ላይ የሚታሰረውን የሞተር ራስ) የሚይዙት አሥር ቡሎኖች የሚገቡበት የብሎኩ ጥርስ አጭር ነበረ፤ በሙቀትና በቅዝቃዜ መመላለስ አሉሚኒየሙ ይላላና ጥርሱ ከቡሎኑ ጋር ተነቅሎ ይወጣል። በብዛት የሚለቁት ከኋላ በኩል፣ በጭስ ማውጫው ወገን ያሉት መሀለኞቹ ናቸው። ያኔ ቴስታታው በፀጉር ስፋት ይነሳል፤ ውሃ ከሞተሩ ጀርባ ይሰርጋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ያፈላል።

ችግሩ አጠጋገኑ ላይ ይብሳል። ጋራዡ «ጋርኒሲዮን ነው» ብሎ ጋርኒሲዮኑን (በቴስታታና በብሎክ መሀል ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ ያስራል። በላላ ጥርስ ላይ የታሰረ ቡሎን ግን መጥበቂያ ልኩ ላይ አይደርስም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃው ይመለሳል። ትክክለኛው ሥራ አሥሩንም ቀዳዳ ሰርስሮ ባለ ጥርስ የብረት ቡሽ መትከል፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ገጹ ደልዳላ መሆኑን ማስለካት፣ አዲስ ቡሎን ማስገባት ነው። ሦስቱን ብቻ የሚሠራ ሰው ሰባቱን ለሚቀጥለው ጊዜ እያቆያቸው ነው። ቶዮታ በኋላ ጥርሱን አስረዝሞታል፤ ከ2006 አጋማሽ በፊት የተመረተው ግን ይህን ድካም ይዞ ነው የሚዞረው።

ሶማሌ ተራ፦
ገዢ ይህን ጋራዥ ሳይገባ በከፊል ማየት ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሂዱ። ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ካሞቀው ሌላ ቀን ተመለሱ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው እስከ አፉ መሙላት አለበት። ቀለም የሌለው ተራ ውሃ ከሆነ አንድ ነገር እየፈሰሰ ሲሞላ ኖሯል። በባትሪ መብራት ከሞተሩ ጀርባ፣ ቴስታታና ብሎክ የሚገናኙበትን መስመር እዩ፤ ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ ጨው መሳይ ነገር ካለ ወጥቶ የደረቀ ውሃ ነው። ከዚያ በራዲያተሩ አፍ ላይ የጭስ መመርመሪያውን ሰማያዊ ፈሳሽ አስደርጉ፤ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጭስ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ካልተለወጠ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ ውጭ ብቻ የሚያፈሰውን ይህ ምርመራ አይዝም። ስለዚህ ሽቅብ ለግማሽ ሰዓት ንዱት፤ እንጦጦ ጥሩ ፈተና ነው። ወርዳችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃውን እንደገና ለኩ።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ለሁለተኛው ትውልድ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው። ግን ያገለገለ 1ኤዜድ ሞተር ገዝቶ መቀየር መፍትሔ ተደርጎ ሲወሰድ አዝናለሁ። የመጣውም ሞተር ያንኑ ጥርስ ይዞ ነው የመጣው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም በዕቃ መልክ የገባ ሁለተኛ ትውልድ ካጋጠማችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል ያለው አውቶማቲክ የሞተሩ ኮምፒዩተር ይበላሽና ማርሽ ሲቀይር በኃይል ይመታል። ቶዮታ እዚህ አሜሪካ የዋስትናውን ጊዜ እስከ 10 ዓመት አራዝሞለት ነበር፤ ያ ካለፈ ቆይቷል። ምልክቱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ የሚሰማ ምት ነው። ካምቢዮውን (የማርሹን ሳጥን) ብቻ ቀይሮ ኮምፒዩተሩን የተወ ሰው አዲሱንም ካምቢዮ ያስበላል። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይታያል፤ ዘይቱ ጠቁሮ ተቃጥሎ ከሸተተ ብቻ ነው ካምቢዮው የሚወርደው።

ስለ ደኅንነትም ልጨምር፤ ጋሽ ካምቢዮ ይህን አላነሡም። የመኪናውን መንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት በአሜሪካው ራቭ ፎር ላይ መደበኛ የሆነው በ2004 ሞዴል ነው። ከፍ ያለ አጭር መኪና ዝናብ ላይ በድንገት ሲጠመዘዝ ይህ ሥርዓት መኖሩና አለመኖሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ካምቢዮ፦
ስለ ደኅንነቱ ልክ ነህ፣ ልጄ። ሆኖም ሦስተኛውን ለሚያሞግሱት ጥያቄ አለኝ። ዘይት የሚጠጣው 2.4 የማን ነው?

ቴስታታ፦
የሦስተኛው ነው። ከ2006 እስከ 2008 ያለው 2ኤዜድ የቡሎኑ ችግር ቀስ በቀስ ሲቀንስለት ሌላ መጣበት። የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ በካርቦን ይደፈናሉ፤ የዘይት ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቅና ዘይት ይቃጠላል። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ለዚህ የተለየ ዋስትና ሰጥቶ ነበር፤ መለኪያው በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሊትር ያህል መጉደሉ ነበር። የተሰጠው ጥገና ፒስተንና ፋሻ አብሮ መቀየር ነው። ፋሻ ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ፒስተን መመለስ ዋናውን ምክንያት እዚያው መተው ነው።

ለምርመራው፦ ሞተሩ ሞቆ ከቆየ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ጋዝ ሳይነካ ይቁም፤ ከዚያ በኃይል ይረገጥ። በጭሱ ውስጥ ሰማያዊ ጉም ካለ ጥርጣሬ ነው። ወፍራም ዘይት የተሞላበት ሞተር ለጊዜው ሊደብቀው ስለሚችል ምን ዘይት እንደገባበት ጠይቁ፤ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለውም እንደ ማር ከተጎተተ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛውን ከመረጣችሁ 2ኤአር ፈልጉ። 4.4 ሊትር 0ደብሊው-20 ዘይት ይይዛል፣ ታይሚንጉ ሰንሰለት ነው። የሚታወቅ ድካሙ የውሃ ፖምፓው ነው፤ በቀበቶው ወገን ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ያ ደግሞ ከቴስታታ ሥራ ጋር የማይወዳደር ቀላል ወጪ ነው። ጠዋት ሲነሳ ሁለት ሰከንድ የሚሰማው መንኮሻኮሽ የካም ማርሹ ነው፤ ከሁለት ሰከንድ ካለፈ ይታይ።

ሶማሌ ተራ፦
ሦስተኛው ላይ የኋላ እግሩንም አትርሱ። ባለ አራት ጎማው (በአራቱም ጎማ የሚነዳው) እንደ ቀድሞው አራቱንም ዘወትር አያሽከረክርም፤ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ፊት ያለ የኤሌክትሪክ ኮፕሊንግ ሲፈለግ ያያይዘዋል። መቆለፊያውም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ራሱ ይለቃል። የኮፕሊንጉ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከኋላ ወንበር ሥር ጩኸት ይሰማል፤ ጎማ ነው ተብሎ ስንት ጎማ ይቀየራል። አራቱ ጎማዎች ልካቸውና የማለቃቸው መጠን ካልተቀራረበ ይህ ዕቃ ቶሎ ይሞታል። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ያለበት ባለ አራት ጎማ ራቭ ፎር ካያችሁ ይህን ጠብቁ።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዘዋውሮ የገባ መኪናም አለ። የዝናብ መጥረጊያዎቹ የሚጠርጉበት አቅጣጫ፣ የፍሬን ማገዣው የተበየደበት ቦታ፣ የዳሽቦርዱ ስፌት ያጋልጠዋል። ብየዳ ያለበት መሪ ያለውን መኪና በምንም ዋጋ አልመክርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ አራተኛው ትውልድ አንድ ማጭበርበሪያ አለ። ከ2013 እስከ 2018 ያለው ቅርጽ ጃፓን ውስጥ አልተሸጠም፤ እዚያ ሦስተኛው እስከ 2016 ቀጥሏል። ስለዚህ «የጃፓን አገልግሎት፣ 2015፣ አዲሱ ቅርጽ» የሚል ሻጭ እውነት አይናገርም። ከገልፍ፣ ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ነው የመጣው። የሰሜን አሜሪካው ሻንሲ ቁጥር በ2ቲ3 ከጀመረ ካናዳ፣ በጄቲኤም ከጀመረ ጃፓን የተገጣጠመ ነው። 10ኛው ምልክት የሞዴል ዓመቱ ነው፦ ዲ 2013፣ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኬ 2019። በዚሁ ቁጥር የአደጋና የጎርፍ ታሪኩን እዚህ ያለ ዘመድ በጥቂት ዶላር ያወጣላችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የ2013ቱ በሹፌሩ ወገን በጠባብ የፊት ግጭት ፈተና በአሜሪካው የኢንሹራንስ ተቋም «ደካማ» ተብሏል፤ በ2015 ተሻሽሎ «ጥሩ» ሆነ፣ በተሳፋሪው ወገን ግን የ2015ቱ በዚያው ተቋም ሲፈተን ደካማ ነበር። ሁለተኛው ባትሪው ነው። በ2023 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እስከ 2018 ያሉ 1.85 ሚሊዮን ያህል ራቭ ፎሮችን ጠርቷል፤ ምክንያቱ በልኩ ያልሆነ ባትሪ ሲገባ ማሰሪያው በደንብ አለመያዙና ፖዘቲቩ ማሰሪያውን ነክቶ እሳት ማስነሳት መቻሉ ነው። አዲስ አበባ ባትሪ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ «የሚገባው ይግባ» ተብሎ ነው። ባትሪውን በእጅ ያዙና አንቀሳቅሱት፤ ከተነቃነቀ ዛሬውኑ ይስተካከል።

ቮልት፦
ሁላችሁም የምትከራከሩት የትኛው አሮጌ እንደሚሻል ነው። እኔ በጥያቄው አንደኛ ክፍል አልስማማም። ሃያ ዓመት ያለፈው 2.0 አውቶማቲክ በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህል ያጣል፤ ሽቅብ ሲጨነቅ ቤንዚን ይበላል። ለዚያ መኪና በሚጠየቀው ገንዘብ ላይ ጨምሮ ቀላል የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ይቻላል። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ቴስታታ የለው። እገዳውን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው።

ቴስታታ፦
ወንድሜ ቮልት፣ እገዳው ያመጣውን ሌላ ውጤት ግን እየው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አስቀድሞ ባረጁ መኪኖች ላይ ቀረጥ ከብዶ ነበር፤ ያ ገዢን ወደ አዲስ ይገፋ ነበር። እገዳው ሲጨመርበት መሀል ላይ ያለው ተዘጋ። የ2019 ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ) ራቭ ፎር በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ በአንድ ሊትር 17 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ እንዳይገባ ሲደረግ የ2002ቱ መንገድ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ጭስ ማን ይጠቀማል? ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጅማ ወይም ጎንደር የሚመላለስ ሰው ቻርጅ የት ያድርግ? ለእኔ ሃይብሪዱን ለይቶ መፍቀድ ይገባ ነበር።

ቮልት፦
የሃይብሪድ ነገር ይገባኛል፤ አምራቹም ወደዚያው ሄዷል። በግንቦት 2025 የታየው ስድስተኛው ራቭ ፎር በቤንዚን ብቻ የሚሄድ የለውም፣ ወይ ሃይብሪድ ነው ወይ በሶኬት የሚሞላ። ግን ሃይብሪድም የራሱ ጣጣ አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አለው፣ በልኩ። የኋላ ወንበር ሥር ያለው የባትሪው የአየር መሳቢያ በአቧራ ከተደፈነ ባትሪው ይግላል፤ በእኛ አገር አቧራ በየሰርቪሱ ወጥቶ መጽዳት አለበት። ከ2019 እስከ 2021 ባለው ባለ አራት ጎማ ሃይብሪድ ወደ ኋላ ሞተር የሚሄደው የከፍተኛ ኃይል ገመድ መሰኪያው ይዝጋል፤ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ሜሪላንድና ካናዳ ይብሳል። እዚህ አሜሪካ ያገለገለውን የምትገዙ ከሆነ መኪናው ተነሥቶ መሰኪያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ይፈለግ።

ቮልት፦
ኤሌክትሪክ ለመረጠ ሰው የራቭ ፎር የቅርብ ዘመድ ቢዜድ4ኤክስ ነው። በሰኔ 2022 የጎማው ማሰሪያ ቡሎኖች ሊላሉ ስለሚችሉ ተጠርቶ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ምርት ከሆነ መሠራቱን በሻንሲ ቁጥር አስጠይቁ። የቻርጅ መሰኪያውንም ሳትከፍሉ እዩ፤ ከቻይና የመጣው ጂቢቲ፣ ከአውሮፓ የመጣው ሲሲኤስ 2 ነው። ሰፈራችሁ ያለው ማሽን የሚቀበለውን ሳታውቁ አትግዙ።

ካምቢዮ፦
እኔ አሁንም ለክፍለ ሀገር ሰው ማንዋል 3ኤስን አልተውም። ለከተማ ግን ወንድሜ ቴስታታ የመከረውን 2ኤአር እቀበላለሁ። 1ኤዜድ ያለውን ልትገዙ ከሆነ፣ አሥሩ ቡሽ የተተከለበት ደረሰኝና ፎቶ ያለውን ፈልጉ፤ ከሌለው የዚያን ሥራ ዋጋ ከጋራዥ ጠይቃችሁ ከሚጠየቀው ላይ ቀንሱ። ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ ራቭ ፎር አለ።