ኒኮዲመስ፣ ካንሳስ፦ ከ1880 ቆጠራ ወደ ኋላ ማለፍ አቃተኝ

ሂሩት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቼ አባት ወገኖች በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከኬንታኪ ተነስተው ኒኮዲመስ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ልጆቹ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን በ1880 ቆጠራ ላይ ካገኘኋቸው ባልና ሚስት አላልፍ አልኩ። የ1890 እና የ1860 ቆጠራ ላይ የሉም። በየት በኩል ልግባ?

በረከት፦ በ1890 አትድከሚ። በጥር 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ፣ የተረፈውም በኋላ ተወግዶ፣ ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል። ክፍተቱን የሚሞላልሽ የካንሳስ የራሱ ቆጠራ ነው፣ የ1885 እና የ1895። «ወደ ካንሳስ ከየት መጡ» የሚል ዓምድ ስላለው ከትውልድ ቦታው ጋር እንዳታምታቺው፤ ኬንታኪ ተወልዶ ሚዙሪ ቆይቶ የመጣ ሰው «ሚዙሪ» ተብሎ ይጻፋል።

ከዚያ 1870፣ ኬንታኪ። ከስኮት ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ጀምሪ፤ ብዙዎቹ ከጆርጅታውንና ከሌክሲንግተን አካባቢ ነው የመጡት። ቆጣሪው የአባት ስም የሚጽፈው እንደ ሰማው ስለሆነ በሱ ብቻ አትፈልጊ። የመጀመሪያ ስም፣ ዕድሜ (አምስት ዓመት ወዲህና ወዲያ) እና የልጆቹን ስም በቅደም ተከተል አስገቢ። ዝምድና መመዝገብ የተጀመረው በ1880 ስለሆነ በ1870 አንድ ቤት ያሉ ወንድና ሴት እህትና ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶችም ገልብጪ፤ በቡድን ነው የተሰደዱት፣ ያው ስሞች ካንሳስም ይመጣሉ።

ጋሽ ታደሰ፦ የበረከት ምክር ልክ ነው። ስለ 1860 ልጨምርልሽ ልጄ። ባሪያ ተደርገው የነበሩት በ1850 እና በ1860 በተለየ መዝገብ፣ በባለቤት ተብዬው ስም ሥር፣ በአብዛኛው በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው የሰፈሩት፤ ከጥቂቶች በቀር ስማቸው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የዚያን ሰው ስም ማወቅ አለብሽ። የቤተሰቡን የአባት ስም ከያዘ ነጭ ገበሬ ጋር ቶሎ አታያይዢ፣ ብዙዎች የወሰዱት ሌላ ስም ነው። ይልቅ ከወንዶቹ አንዱ በካምፕ ኔልሰን (ጥቁር ወታደሮች ይመለመሉበት በነበረው የኬንታኪ የጦር ሰፈር) በኩል በእርስ በርስ ጦርነቱ የኅብረቱ (የሰሜኑ) ጦር ውስጥ ገብቶ እንደሆን የጡረታ ፋይሉን አስወጪ። ሚስቲቱ ጡረታ ስትጠይቅ ጋብቻዋን በምስክር ማስረዳት ነበረባት፤ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ጌታ ስም፣ የተጋቡበት ቦታና የልጆች ልደት እዚያ ይገኛል። ኬንታኪ በ1866 ባወጣው ሕግ ነፃ የወጡ ባልና ሚስት ጋብቻቸውን በካውንቲው ጸሐፊ ፊት ያስመዘግቡ ነበር፤ ያንንም እዪ።

ሂሩት፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የመሬት ወረቀትስ ይጠቅማል?

በረከት፦ በጣም። በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ (የመንግሥት መሬት ለሰፋሪዎች በሚሰጠው ሕግ) እስከ 160 ኤከር ለመውሰድ አምስት ዓመት ኖሮና አርሶ ማስረዳት ግድ ነበር። በማስረጃው ወረቀት ላይ የቤተሰቡ ብዛት፣ የገቡበት ጊዜ፣ የታረሰው መሬትና የሁለት ምስክሮች ቃል አለ፤ ምስክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ዘመድ ናቸው። መጀመሪያ የባለቤትነት ሰነዱን በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ በነፃ ፈልጊ። የመሬት ቢሮውን ስም፣ የሰነዱን ቁጥር፣ ታውንሺፑን፣ ሬንጁንና ሴክሽኑን (መሬቱ የት እንዳለ የሚለዩትን ቁጥሮች) ይዘሽ ሙሉ ፋይሉን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቂ። የባለቤትነት ሰነድ ካላገኘሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ መሬቱን የተዉትም ፋይል አላቸው፣ የሚገኘው ግን በስም ሳይሆን በቦታ በተደራጀው የመሬት መዝገብ በኩል ነው።