የአዛውንት የፊት ጥርስ ሙሌት ለምን ይወድቃል?

ጠያቂ፣ ከሐይቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ታካሚው የ74 ዓመት አባት ናቸው። ቆሎ ሲቆረጥሙ የላይኛው መካከለኛ የፊት ጥርሳቸው ሲሶው ተሰበረ። ሁለት ጊዜ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ተሞላ፤ ሁለቱም ሦስት ወር ሳይሞላው ወደቀ። ሕመም የላቸውም፣ ቅዝቃዜም አይሰማቸውም። ኤክስሬይ ላይ የሥሩ ጫፍ ንጹሕ ነው፣ የነርቩ ቦይ ግን በጭንቅ ነው የሚታየው። በታች በኩል የኋላ ማኘኪያ (መንጋጋ) ጥርሶች የላቸውም፤ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይወስዳሉ። ሩት ካናል (የነርቩን ቦይ ከፍቶ ማጽዳትና መሙላት) ልጀምር ወይስ እንደገና ልሙላው?

ከደሴ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሩት ካናሉን ተወው። በዕድሜ ብዛት ነርቩ ያለበት ክፍል በዴንቲን (ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ሥር ባለው አካል) እየተሞላ ስለሚጠብ፣ ቅዝቃዜ አለመሰማቱ ብቻውን ነርቩ ሞቷል አያሰኝም። ጥርሱ ካልጠቆረ፣ በመስታወቱ እጀታ ስትመታው ካላመማቸው፣ ድዱ መግል ካልቋጠረ አትንካው። የጠበበ ቦይ ሲፈለግ ሥር ይበሳል።

ሙሌቱን የሚጥለው ያረጀው ዴንቲን ይመስለኛል። ቢጫና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በማዕድን ስለተደፈኑ ገጹን የሚያሻክረው አሲድ አይዘልቀውም፣ ቦንዱም (ማጣበቂያው) የሚጨብጠው ያጣል። የሚያብረቀርቀውን ገጽ በዳይመንድ በር (በአልማዝ መሞረጃ) ፋቅ ፋቅ አድርገው። ከዚያ በፊት ግን ቀለሙን ምረጥ፤ ጥርስ ሲደርቅ ነጥቶ ያሳስታል። የፊቱን ኢናሜል (ጠንካራውን ውጫዊ ሽፋን) ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አጋድመህ ሞርደው፣ ዋናው መያዣህ እሱ ነው። 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ኢናሜሉ ላይ 15 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ዴንቲኑንም ጨምረህ ሌላ 15 ሰከንድ። ካጠብክ በኋላ ዴንቲኑን በአየር አታድርቀው፤ ውሃውን በጥጥ ምጠጥና እርጥበቱ ይቅር። ቦንዱን 20 ሰከንድ እሸው፣ በቀስታ ንፋው፣ ከዚያ በማጠንከሪያው መብራት አጠንክረው። ኮምፖዚቱ በየንብርብሩ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የመብራቱን ጫፍም እይ፤ የደረቀ ኮምፖዚት ከተጣበቀበት ውስጡ ሳይጠነክር ይቀራል።

ከኮምቦልቻ፦
ዴንቲኑ ልክ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ንክሻውን እጠረጥራለሁ። መንጋጋ የሌለው ሰው በፊት ጥርሱ ነው የሚያኝከው፤ የታች ጥርሶች ከኋላ እየገፉ ሙሌቱን ይነቅሉታል። ንክሻው የት እንደሚያርፍ የሚያሳየውን ባለቀለም ወረቀት አስነክሳቸው፤ ገጥመው ብቻ ሳይሆን አገጫቸውን ወደ ፊት ገፍተውም፣ ቁጭ ብለው። ምልክቱ ኮምፖዚቱና ጥርሱ የሚጋጠሙበት መስመር ላይ ካረፈ እዚያ ጋ ዝቅ አድርገው። ለታች መንጋጋቸው ተነቃይ ጥርስ ካልተሠራላቸው ሦስተኛውም መውደቁ አይቀርም። እስከዚያ ቆሎው ወደ በሶ ይዙር።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ምራቅ የሚከልል የጎማ መከለያ የለኝም፤ ጥጥ ይበቃል? ዋርፋሪኑስ?

ከወልድያ፦
ለላይኛው የፊት ጥርስ ጥጥ ይበቃል፣ ግን ከአሲዱ በፊት ቀይረው፣ ምራቅ መምጠጫውም ይሥራ። አሲድ የነካው ገጽ ላይ ምራቅ ከደረሰ አጥበህ ለ10 ሰከንድ አሲዱን ድገመው፤ ጠርጎ ማለፍ አይሆንም። ለሙሌት ብለህ ዋርፋሪኑን አታስቁም። ማደንዘዣ ካስፈለገ እዚያው ጥርሱ አጠገብ፣ ቀስ ብለህ ውጋ። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አትዘዝ። ሜትሮኒዳዞልም (አንቲባዮቲክ ነው) በልማድ እንዳትጽፍ፤ የዋርፋሪኑን ኃይል ከፍ አድርጎ ደም ያፈሳል።