ክርክር፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሂሳብ ካርድ ላይ ከማርኩ ሌላ ልጁ የቻለውና ያልቻለው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

የሂሳብ አስተማሪ፣ ደሴ፦
ይጻፍ ባይ ነኝ። ሁለት ልጆች እኩል 50 አመጡ እንበል። አንዷ ክፍልፋይ ላይ አትሳሳትም፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ ግን ትደናገራለች። ሌላው ኔጌቲቩን ይሠራዋል፣ 1/2 + 1/4 ስትሉት ግን ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ 2/6 ይላችኋል። ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ አገኘ እኮ! ያው ልጅ ሰኞ ገበያ ግማሽ ኪሎ ቡና ላይ ሩብ ሲጨመር ስንት ነው ብትሉት ወዲያው ይነግራችኋል። የሚያውቀው ነገር ወረቀቱ ላይ አልደረሰም እንጂ አያውቅም አይባልም። 50 ይሄን ሁሉ ይደብቃል።

ወላጅ፣ ኮምቦልቻ፦
መምህር፣ እኔ ካርድ ላይ የማየው ማርክና ደረጃ ነው። «በከፊል ችሏል» ቢሉኝ ምን ላድርገው? የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እንደሆነ በከፊል አያሳልፍም።

ሌላ የሂሳብ አስተማሪ፣ ደሴ፦
እኔም አልደግፍም። ማን ይሠራዋል? አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፣ አራት ሴክሽን ነው የማስተምረው። ተከታታይ ምዘናም የመጣው ልጁ የት ጋ እንደተሰናከለ እያየን እንድንረዳው ነበር፣ ኩዊዝ፣ ቴስት፣ አሳይመንት እየተባለ ማርክ መሰብሰቢያ ሆኖ ቀረ። ሌላ ፎርም ብትጨምሩ ሁሉም ላይ «በከፊል» ብለን ሞልተን እናስረክባለን።

የመጀመሪያው አስተማሪ፦
እሱስ ልክ ነህ፣ «በከፊል» ብቻውን ምንም አይናገርም። «ታህቱ (ታችኛው ቁጥር) ተመሳሳይ ሲሆን ይደምራል፣ ሲለያይ ይሳሳታል» ብለህ ስትጽፍ ግን ወላጅም አስጠኚም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ደግሞ 60 ልጅ 60 ዓይነት ስህተት አይሠራም ወንድሜ። 5 − (−8)ን −3 የሚል፣ 2(ሀ + 3)ን 2ሀ + 3 ብሎ የሚፈታ፣ ደብተር ስታርም ደጋግመህ የምታገኘው እነዚህን ነው። አንዴ ዘርዝረህ ቁጥር ከሰጠሃቸው ካርዱ ላይ ቁጥሩን መጻፍ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጅ ሰኞ የሠራውን ሐሙስ ይሳሳተዋል። በአንድ ጥያቄ «አልቻለም» ተብሎ ጥር ላይ ከተጻፈበት፣ ሰኔ ላይ ማን ያነሳለታል? ቢያንስ በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጥያቄ ይሞክር፣ ሲችል ደግሞ ይታደስለት።

ወላጅ፣ ኮምቦልቻ፦
እንደሱ ከሆነ ይጻፍልኝ። ማርኩ ግን አይቅር።

ሌላው አስተማሪ፦
ሐሳቡን አልጠላሁትም። ሴክሽን ይቀንሱልኝና ነገ እጀምራለሁ። ካልሆነ ግን አቋሜ ያው ነው።