ካርዱ ላይ «አቦርሽን» ሲል ኮዱን በምን እንለየው?

ጥያቄ (ካርድ ክፍል፣ ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮዲንግ፣ ማለትም ካርድ ላይ ለተጻፈው ሕመም ከአይሲዲ 10 (ከዓለም አቀፉ የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር) ቁጥር መስጠት፣ ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነው። የማህፀን ክፍል ካርዶች ግራ አጋብተውኛል። አንዱ «ኢንኮምፕሊት አቦርሽን»፣ አንዱ «ሚስድ»፣ አንዱ «ትሬትንድ» ይላል። እኔ አቦርሽን ካለ አስወርዳለች ብዬ ሁሉንም ኦ04 ስሰጥ ከረምኩ። ትናንት አንዲት እናት የሪፈር ወረቀቷን ይዛ መጥታ «እኔን አስወረደኝ እንጂ አላስወረድኩም፤ ባሌ ቢያነበው ምን ይለኛል?» ብላ አለቀሰች። ስህተቱ የማን ነው?

ሚድዋይፏ፦ እህቴ፣ መልሱን እናትየዋ ነግራሻለች። እኛ «አስወረዳት» እና «አስወረደች» ብለን እንለያለን፤ በሕክምናው ቋንቋ ግን ሁለቱም አቦርሽን ነው። ሐኪሙ አልተሳሳተም። ከፊቱ ያለውን ቃል እዪ። «ስፖንቴኒየስ» ካለ በራሱ የወረደ ነው፣ ኦ03። ሚስድ ፅንሱ ሞቶ ማህፀን ውስጥ ሲቀር ነው፣ ኦ02.1። ትሬትንድ ደግሞ ጭራሽ አልወረደም! ደም ታይቷል፣ የማህፀን በር ግን ዝግ ነው፤ እርግዝናው ሊቀጥል ይችላል። እሱ ኦ20.0 ነው።

አዲስ ተመራቂ፦ ኤምቪኤ ከተሠራላት ግን ኦ04 ነው፣ አትጨነቂ።

የድሮ ኮደር፦ ኧረ ወንድሜ! ኤምቪኤ ማህፀን የሚጠረግበት መንገድ ነው፤ ለኢንኮምፕሊትም ለሚስድም ይሠራል። ኦ04 በሕግ በተፈቀደው መሠረት በሕክምና የተቋረጠ እርግዝና ብቻ ነው። ኢንኮምፕሊት የሚለው ቅሪት አለ ማለት እንጂ እንዴት እንደጀመረ አይናገርም። በአይሲዲ 10 እሱን የምትይዘው ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር ናት፦ በራሱ ወርዶ ቅሪት ካለውና ሌላ ችግር ከሌለ ኦ03.4፣ ኢንፌክሽን ካለ ኦ03.0፣ ደም ከበዛ ኦ03.1። እንዴት እንደወረደ ካልተጻፈ ካርዱን ይዘሽ ሐኪሙ ጋ ሂጂ። መልስ ካጣሽ ኦ06 አለልሽ፤ ግምት የለም። ሌላ ቦታ ታክማ ጨርሳ በኢንፌክሽን የመጣች ደግሞ ኦ08.0 ናት። ሪፖርታችን ላይ ደህንነቱ የተጠበቀ ውርጃና የድኅረ ውርጃ ሕክምና ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት፤ የሦስት ወሩን ካርድ ተመልሰሽ ማስተካከል አለብሽ፣ አይዞሽ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ካርድ አወጣሁ። ስድስቱ ኦ03.4 ሆኑ፣ ሁለቱ ሚስድ። ሦስቱ ላይ «አቦርሽን፣ ኤምቪኤ ተሠርቷል» ብቻ ነው ያለው፤ ወረቀት ለጥፌ ለዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።