የእናቴ ዳሌ ተጠገነ፤ አጥንቷን ግን ማን ይይላት?

የገርጂዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እናቴ ልጠይቃችሁ ነው። 73 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደጃፋችን ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት፣ በስድስት ሳምንት ተፈታ፣ «ድነዋል» ተባለች። ባለፈው ጥር ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ምንጣፍ ጠለፋት። ዳሌዋ ተሰበረ።

ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረት ገባላት። የሠሩላት ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ዛሬ በዎከር ትራመዳለች። ግን ስንወጣ የተሰጠን ማስታገሻ፣ ደም ማቅጠኛና የቀጠሮ ወረቀት ነው። ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ የለም። በቀጠሮው ራጁን አይተው «ብረቱ በደንብ ይዟል» አሉን። ስለ አጥንት መሳሳት ስጠይቅ «እሱን የውስጥ ደዌ ይይላችሁ» ተባልኩ። የውስጥ ደዌው ግፊቷን ለክቶ «ስብራቱን የአጥንት ሐኪሞቹ ይከታተሉታል» አለኝ። መሃል ላይ ቀረን። ደግሞ አጥንቷ በማሽን ሳይለካ መድኃኒት አይጀመርም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? የእጇ ጊዜ አንድ ሰው ነግሮን ቢሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኅቴ፣ እናታችንን እግዚአብሔር ይማርልን። መሃል ላይ መቅረቱ እዚህ አሜሪካም አለ። ዳሌያቸው ተጠግኖ ያለ አጥንት መድኃኒት ወደ ቤት የሚሸኙ ብዙ ናቸው። በፈረንጆቹ 1999 ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው ላይ ይህንኑ አይተው ነው ሥራውን ለነርሶች የሰጡት። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ የተሰበረን ሰው ነርሷ ትመዘግበዋለች፣ ታስመረምረዋለች፣ መድኃኒቱ እንዲጀመርለት ትከታተላለች። ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ታወቀ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በዚህ ዕድሜ ከቁመት ወድቆ ዳሌ መሰበሩ ራሱ የአጥንት መሳሳት ማስረጃ ነው። ማሽኑ ከተገኘ ለክትትል ይጠቅማል። ካልተገኘ ግን መድኃኒቱ እሱን አይጠብቅም። የውስጥ ደዌው ጋ ተመለሺና የኩላሊት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ምርመራ እንዲያዝ ጠይቂው። በደም ሥር በዓመት አንዴ የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል መድኃኒትም አለ። በፈረንጆቹ 2007 በወጣ ጥናት፣ ዳሌያቸው በተጠገነ በ90 ቀን ውስጥ ለጀመሩት አዲስ ስብራት በ35 በመቶ፣ ሞት በ28 በመቶ ቀንሷል። አትዘግዪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁመታቸው አጥሯል? ጀርባቸው ጎበጥ ብሏል? የጀርባ አጥንት ሳይሰማ ይሰበራል።

ፋርማሲስቱ፣ አዳማ፦
በሳምንት አንዴ የሚዋጠው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ 70 ሚሊግራም አለንድሮኔት፣ ከታዘዘላቸው አወሳሰዱን አደራ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። በቡና አይሆንም፣ በወተትም አይሆንም። ከዋጡ በኋላ ለሠላሳ ደቂቃ ምግብም ጋደም ማለትም የለም፤ ጉሮሮን ያቆስላል። የመዋጥ ችግር ካለባቸው ቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። የካልሲየም ኪኒኑ በሌላ ሰዓት ይሁን። እናትሽ ጿሚ ከሆኑ ረቡዕና ዓርብን ተዉት። እሑድም ቅዳሴ አለ። ሰኞን ወይም ማክሰኞን ቁረጡ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሐኪሙንም የንስሐ አባታቸውንም አማክሩ። እኔ ጋ ሳጥኑ ሳይከፈት ጊዜው አልፎበት የተመለሰ አይቻለሁ፤ ሴትየዋ በጾም ምክንያት ሳይጀምሩት ቀርተው ነው።

የገርጂዋ ልጅ፦
ተባረኩ። ነርሷ ስለ ቁመት ስትጠይቂ ደነገጥኩ። እማዬ የቁም ሳጥኑን የላይኛውን መደርደሪያ መድረስ ካቃታት ቆይቷል። እርጅና ነው ብለን ነበር። የጀርባ ራጅ አስነሣናት፤ ሁለት ቦታ ተጨፍልቋል።

ኩላሊቷ ደህና ነው፣ ቫይታሚን ዲዋ ግን ዝቅ ብሏል፤ እሱም ታዞላታል። የመጀመሪያዋን አለንድሮኔት ማክሰኞ ጠዋት ዋጠች። ሰዓቱን እያየሁላት ሠላሳ ደቂቃ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ቡናውን ያፈላነው ከዚያ በኋላ ነው። ምንጣፉን ከኮሪደሩ አንስቼዋለሁ።